የቀለለው ውሻ

የውሻ ሩጫ አሸናፊን በሲስተም የሚመርጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ዳውንታውን አትላንታ አብረውኝ ፓርኪንግ የሚሠሩት ጋሽ ታደሰ አጋጥመውኛል። "ከሩጫው በፊት የተጸዳዳ ውሻ ይቀለዋል፤ የቀለለው ደግሞ ያሸንፋል" ይላሉ። ባለቤታቸው ግን ሰልችቷቸው "ዛሬም ከተበላህ፣ ሁለተኛ አትሄድም!" አሏቸው።

ውድድሩ እኛ ጋ ስለሌለ አላባማ ድረስ ነዳን። ጋሽ ታደሰ መቀመጥ አቃታቸው። ድንገት አራት ቁጥር ውሻ ቁጢጥ ሲል አዩና ሮጠው ሄደው ተወራረዱበት። የመነሻው በር ሲከፈት ሌሎቹ ተፈተለኩ፤ አራት ቁጥር ግን እዚያው እንደገና ቁጢጥ አለ።

"ጋሼ፣ አሁንም እየቀለለው ነው" አልኳቸው።

ተመልሰን አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ያለው ቤታቸው ደረስን። መኪናውን ፓርክ ሳደርግ ክንዴን ያዙኝ።

"ሲስተሙ ልክ ነው፤ ውሻው ነው ያልጨረሰው። አንተ ኮሌጅ ገብተሃል፣ እስቲ ግባና ለባለቤቴ አስረዳልኝ።"