የሰላጣው መድኃኒት

(ልደታ፣ በጣሊያን ጊዜ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለ ጓሮ። ወልደ ሚካኤል መደብ ላይ ተቀምጦ በጎመን ምሳውን ይበላል። ጎረቤቱ ኢታና ባዶ እንስራ ይዞ ቆሟል።)

ወልደ ሚካኤል፦ አመድ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ የትል መድኃኒት አይባልም አልኩህ።

ኢታና፦ እናቴ ግን ትነሰንስ ነበር፣ ጋሼ።

ወልደ ሚካኤል፦ እናትህ ለጣሊያን ሰላጣ ሸጠው ያውቃሉ?

ኢታና፦ የለም። ትሉ ግን ያው ትል ነው።

ወልደ ሚካኤል ጉርሻውን እንደያዘ በትዕግሥት ተነፈሰ። ከጦርነቱ በፊት በአንድ ሹም ደጅ አራት ዓመት ደብዳቤ ያመላለሰ ሰው ነውና የማያውቀው ነገር አልነበረም። ለኢታና ጉልበት እንጂ አንጎል አልተሰጠውም ብሎ ካመነም ቆይቷል። ጭንቀቱ ግን የእውነት ነበር። ጣሊያናዊው ሻምበል ጓሮውን የካሚዮን ማቆሚያ ሊያደርገው ተነሥቶ፣ ከስንት ልመና በኋላ ሰላጣ እንዲያበቅሉለት ትቶላቸዋል። አንዲት ትል ከተገኘች ካሚዮኖቹ ይገባሉ። ሁለቱም የሚኖሩት ደግሞ በዚህች መሬት ነው።

ስለዚህ ወልደ ሚካኤል ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኢታናን ሰንጋ ተራ ልኮ በእንስራ ሙሉ የከብት ሽንት አስመጣ። ሚጥሚጣና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨመረበት፤ ሰባት ቀን ቀበረው፤ ከዚያ ሰላጣው ላይ እርጭ ብሎ ለኢታና ሰጠው።

ወልደ ሚካኤል፦ መድኃኒቱን ጨርሰሃል?

ኢታና፦ ጠብታ አልቀረም።

ወልደ ሚካኤል፦ ሰላጣው ላይ ትል አየህ?

ኢታና፦ አላየሁም።

ወልደ ሚካኤል፦ (ጣቱን እየላሰ) እውቀት ይሉሃል ይሄ ነው። ሽታው ለጓሮው ሁሉ ተርፎ መሰለኝ፣ ሰሞኑን የራሴም ጎመን ጥሞኛል። ጨው እንኳን አይጠይቅም።

(ኢታና እንስራውን አገላብጦ ያያል።)

ኢታና፦ ጋሼ፣ ፈረንጆቹ ሰላጣውን ምን ያህል ይቀቅሉታል?

ወልደ ሚካኤል፦ እስኪበስል ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

(የሻምበሉ አስተርጓሚ ፍሰሃጽዮን ቅርጫት ይዞ ይገባል።)

ፍሰሃጽዮን ሰላምታ አላበዛም። ሻምበሉ መመረዝ ይፈራል። ጠጅ አሳላፊ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ ሰምቶ ወግ ማለት ይህ ነው ብሏልና፣ ሰላጣውን ያበቀለው ሰው ይቅመስልኝ ብሎ ልኮታል። ወልደ ሚካኤል ደስ አለው፤ የሻረግ አሁኑኑ ትቀቅለዋለች ብሎ ሚስቱን ሊጣራ ተነሣ።

ፍሰሃጽዮን፦ ለምን ይቀቀላል? እነሱ የሚበሉት ጥሬውን ነው።

ወልደ ሚካኤል ተመልሶ ተቀመጠ። ሽንቱ፣ ሚጥሚጣው፣ ሰባቱ ቀን በየተራ ታወሱት።

ወልደ ሚካኤል፦ ዛሬ ዓርብ አይደል፤ እየጾምኩ ነው።

ፍሰሃጽዮን፦ (ሳህኑን እያየ) አያለሁ።

ወልደ ሚካኤል፦ ጥርሴንም ያመኛል።

(ኢታና ጎንበስ ብሎ ቅጠል ይቆርጣል፤ ያላምጣል፤ ይውጣል፤ ይደግማል።)

ይህ ምስኪን የረጨውን እንኳን ረሳ፣ አለ ወልደ ሚካኤል በልቡ፤ ልደታ ማርያምንም ለመነለት። ፍሰሃጽዮን ጥቂት ጠብቆ ኢታና እንዳልወደቀ አየ፤ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገልጦ ትል ፈለገ፤ አጣ። ቅርጫቱን ሞልቶ፣ መሬቱ የእናንተው ነው ብሎ ሄደ።

ወልደ ሚካኤል፦ አንተ ሞኝ፣ የበላኸውን ታውቃለህ?

ኢታና፦ ሰላጣ ነዋ። አመድ ነስንሼበት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አጠብኩት።

ወልደ ሚካኤል፦ መድኃኒቱስ?

ኢታና፦ ጥሬውን እንደሚበሉ ከአብሳያቸው ሰምቼ ፈራሁ። የደከሙበትን መድፋት ደግሞ ነውር ሆነብኝ። ተቀቅሎ የሚበላ ነገር ፈልጌ ረጨሁበት።

ወልደ ሚካኤል፦ ምን ላይ?

(ኢታና ሳህኑን ያያል። ወልደ ሚካኤልም ሳህኑን ያያል።)

ኢታና፦ ጨው አይጠይቅም ሲሉ ነው ልነግርዎ የነበረው።