የጣሪያችን ነፋስ መለኪያ

ልጅ ማስተማር ደስ ይላል። አስቸጋሪው ከተማረ በኋላ ማመኑ ነው። ትናንት አፍንጫውን የጠረጋችሁለት ልጅ ዛሬ ተነሥቶ «ይህ ዘይት አይስማማሽም፣ ያ ጨው ይቀነስ» ሲላችሁ አንዱ ጆሯችሁ «እውነቱን ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ይህ ጫማውን አገላብጦ ያደርግ የነበረው አይደለም?» ይላል። ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ያልሆናችሁም ቀናችሁ ይመጣል።

የኔዋ ትዕግሥት የተማረችው ኤሌክትሮኒክስ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፍሁ ምን እንደሆነ ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ሽቦ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ትምህርቱ በጠናባት ዓመት ግን የማውቀውን አደረግሁ፤ «አስመርቅልኝ እንጂ በንግሥህ ዕለት ጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ በጣና ደሴት ላለው መድኃኔ ዓለም ተሳልሁ። ተመረቀች። እኔም ዘርፋም ቀይ ከፋይ ጥላ አሰፋሁ።

ልጅቱ ሥራ እስክታገኝ እጇን አላጣጠፈችም። ጣሪያችን ላይ ጭልፋ ጭልፋ የሚመስሉ ስኒዎች ተከለች። ነፋስ ሲያዞራቸው በየዙሩ አንድ ምልክት ወደ ታች ይልካሉ፤ ቤት ያለችው ጥፍር የምታህል ቺፕ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ትለካለች። ጊዜው ካጠረ ነፋሱ ብርቱ ነው፣ ከረዘመ ደካማ። ይህን ያህል ገብቶኛል።

በንግሡ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ፣ ጥላዬን አቅፌ ልወጣ ስል ትዕግሥት ከስክሪኑ ቀና አለች።

«እማየ፣ ዛሬ አትሻገሪም። ሐይቁ ላይ ማዕበል ነው። ቁጥሩን እዪው።»

እኔ በመስኮት አየሁ። ጣና ተኝቷል። የጎረቤት አንሶላ ገመዱ ላይ ንቅንቅ አይልም። ወዲያው የጀልባ ነጂው አያ ሙሉ ደወለ።

«እትየ፣ ሰዉ ሁሉ ተሳፍሯል። እርስዎን ነው የምንጠብቅ።»

ልጄ ያለችኝን ነገርሁት።

«ማዕበሉ በየት በኩል አለፈ? እኛ ጋ አልደረሰም» አለኝ። ከኋላው የተሳፋሪው ሳቅ ይሰማል።

እኔ ግን ቀረሁ። ምን ላድርግ? እንድታውቅልኝ ተስዬ፣ እውቀቷ አፍ አውጥቶ ሲናገር «አላምንሽም» ልበላት? ጀልባዋ ሄደች። የንግሡ ከበሮ እስከ ደጄ የተሰማኝ መሰለኝ። በተሳልሁለት ዕለት፣ ጥላው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ጣሪያ ላይ ወጥታ ቆየች። ስትወርድ ፊቷ ሌላ ነው። መቁጠሪያዬን ከእጄ ወሰደች።

«እማየ፣ ስትጸልዪ መጨረሻው ፍሬ ላይ ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።»

«ስንት ጊዜ እንደዞርሽ ካልያዝሽስ?»

«ያን ሁሉ ጸልዬ፣ ሦስተኛው ፍሬ ላይ ብሆን ሦስት ብቻ ነው እላለኋ።»

«የኔዋም እንደዚያ ናት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ለካስ ነፋሱ ከመድከሙ የተነሣ ስኒዎቹ አንዴ ዞረው እስኪመለሱ የቺፗ ጊዜ ቆጣሪ ሞልታ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። የሞላውን ረስታ ትርፏን ብቻ ትናገራለች። ትንሽ ጊዜ ማለት ደግሞ ብርቱ ነፋስ ነው። ጸጥታው ልክ ሲያጣ ማዕበል ሆነ ማለት ነው።

አላሾፍሁባትም። ጥቂት ብቻ። «በጸሎት መካከል ሰው ሲያንቀላፋ አይቻለሁ፤ ቺፕ ሲያንቀላፋ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አልኋት። እሷም ሳትስቅ ተቀምጣ፣ ቆጣሪዋ በሞላች ቁጥር እንድትይዝ አድርጋ አስተካከለቻት።

በሚቀጥለው እሑድ አብረን ተሻገርን። ጥላውን የተሸከመችው እሷ ናት። ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀበሉን አባ ጥላውን አገላብጠው አዩና፣ «ለንግሡ የተባለው ይህ አልነበረም?» አሉ።

«ነፋስ ከልክሎኝ ነው፣ አባቴ።»

ውሸት አልተናገርሁም። በእኛ ቤት በእርግጥ ነፍሶ ነበር።

አባ ወደ ውኃው ተመለከቱ። «በንግሡ ዕለት? ጧፋችን እንኳ ደጅ ላይ አልጠፋም።»

ትዕግሥት ያልተበላሸ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና፣ «አባ፣ ያን ነፋስ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች።

አባ ጥላውን ተቀበሉ፤ መስቀላቸውን አሳለሙን። ከዚያ በኋላ፣ «እንዲያ ከሆነማ ልጄ» አሏት፣ «ነገ ወደ ከተማ ተሻጋሪ ነኝ። ቀለል አድርጊልኝ።»