ወፍራሙ እጀታ

[ምናለሽ ተራ፣ የባህረዲን እጀታ መሸጫ። የዶማ፣ የአካፋና የመጥረቢያ እጀታ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የመጋዘን ጠባቂው ማሙሸት ከሰዓት በኋላ የተኩስ ፈተና አለበት። ካለፈ የፈረቃ ኃላፊ ይሆናል፤ ስድስት ዓመት ከቆመበት በር ተነስቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መለማመጃ እንዲሆኑት የሁለቱን የፈተና ሽጉጦች እጀታ ልክ በክር ለክቶ አምጥቶ ከእንጨት አስጠርቧል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት።]

ማሙሸት፦ ወፍራሙን ነው አልኩህ! አለቀ!

ባህረዲን፦ እሺ፣ ወፍራሙ። ግን ለምን?

ማሙሸት፦ ስትጠይቀኝ ሦስተኛህ ነው። አንተ ከዶማ ሌላ ነገር አይገባህም?

ባህረዲን፦ መጥረቢያም ይገባኛል።

ማሙሸት፦ ስማ። የቀጭኑ ካዝና ጥይት የሚይዘው በነጠላ ረድፍ ነው፤ ስምንት ብቻ። የወፍራሙ ግን ድርብ ነው፤ ጎን ለጎን እየተደራረበ አሥራ አምስት ይጎርሳል። ካዝናው የሚገባው እጀታው ውስጥ ስለሆነ እጀታውም አብሮ ይወፍራል። ገባህ?

ባህረዲን፦ ሆዱ ሲሞላ ወገቡ ይሰፋል።

ማሙሸት፦ እ... አዎ። ጎበዝ!

ባህረዲን፦ ትናንት በወፍራሙ ስትለማመድ ኢላማውን ስንቴ መታህ?

ማሙሸት፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] ኢላማው የተሰቀለበትን እንጨት መትቻለሁ።

ባህረዲን፦ ምን እንጨት ነው? ባሕር ዛፍ ነው ጽድ?

ማሙሸት፦ እኔ ምን አውቄ! ነፋስ ነበር።

ባህረዲን፦ አውራ ጣትህንስ እንዲህ ያሳበጠው ነፋሱ ነው?

ማሙሸት፦ ሽጉጥ ሲተኮስ ይመታል! አንተ ተኩሰህ ታውቃለህ?

ባህረዲን፦ ኧረ እኔ ድምፁንም እፈራለሁ። በል አሁን ዓይንህን ጨፍን።

ማሙሸት፦ ለምን?

ባህረዲን፦ እዚህ ቤት እጀታ የሚመረጠው ተጨፍኖ ነው። ዓይኑን የገለጠ ደንበኛ ሁልጊዜ ትልቁን ያነሳና በነጋታው ሊመልስ ይመጣል።

ማሙሸት፦ እኔ ዶማ ልገዛ ነው የመጣሁት?

ባህረዲን፦ ጨፍን አቦ! የምላጩ ቦታ ላይ ሚስማር መትቻለሁ፤ በጣትህ ፈልገው።

[ማሙሸት ይጨፍናል። ባህረዲን አንዱን እጀታ ያስይዘዋል።]

ማሙሸት፦ ይሄንንማ ጠርበህ አልጨረስከውም! ግንድ እኮ ነው ያስያዝከኝ። ሚስማሩ ጋ ለመድረስ እጄን ካላዞርኩ አይሆንም። አንሳልኝ!

ባህረዲን፦ እሺ። እንካ ሁለተኛውን።

ማሙሸት፦ እሰይ! መዳፌ ግጥም አለ፣ ጣቴም ሚስማሩ ላይ አረፈች። ወፍራሙ ማለት ይሄ ነው! አላልኩህም?

ባህረዲን፦ ግለጥ።

[ይገልጣል። የያዘው ቀጭኑን ነው።]

ማሙሸት፦ ቀያየርክብኝ!

ባህረዲን፦ ወላሂ አልነካሁትም። እጅህ ትንሽ ነው ማሙሸት። ወፍራሙን ስትይዝ ጣትህን ለማድረስ መዳፍህ ይዞራል፤ ሲተኮስ ያ ሁሉ ምት አውራ ጣትህ ሥር ላይ ያርፋል። ዶማም እንደዚያው ነው፤ እጀታው ከወፈረ መዳፍ ውኃ ይቋጥራል።

ማሙሸት፦ [አውራ ጣቱን ኪሱ ውስጥ እየደበቀ] እሺ፣ ይመቻል እንበል። ግን ስምንት ጥይት! ቢያልቅብኝስ? ከአሥራ አምስት ጋር እስቲ በጣትህ ቆጥረህ አስተያየው፤ ሒሳብ እንደማይሆንልህ አውቃለሁ።

ባህረዲን፦ አይሆንልኝም። ለፈተናው ስንት ጥይት ነው የሚሰጧችሁ?

ማሙሸት፦ አምስት።

[ውጭ አንድ ተሸካሚ «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል።]

ባህረዲን፦ [በጣቶቹ እየቆጠረ] ከስምንት ላይ አምስት ሲነሳ... አንተ ንገረኝ እስቲ፤ እኔ ከዶማ ሌላ አይገባኝም።

ማሙሸት፦ ቀጭኑን ጠቅልልልኝ።

ባህረዲን፦ ወፍራሙስ?

ማሙሸት፦ ዶማ ግጠምበት!

[በነጋታው። ማሙሸት ትልቅ ባለ መደገፊያ ወንበር ተሸክሞ እየሳቀ ይገባል።]

ማሙሸት፦ አለፍኩ! አምስት ተኩሼ አራት!

ባህረዲን፦ ማሻ አላህ! አምስተኛውስ?

ማሙሸት፦ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀርቤ አየሁልህ።

ባህረዲን፦ ወንበሩ ምንድን ነው?

ማሙሸት፦ የኃላፊ ወንበሬ ነዋ! ከመጋዘን ምረጥ ተባልኩና... [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እግሩን ትንሽ ቁረጥልኝ። ስቀመጥበት እግሬ መሬት አይደርስም።

ባህረዲን፦ [መጋዙን እያነሳ] ስትመርጠው ጨፍነህ ነበር?

ማሙሸት፦ ገልጬ።