አያቴን በፍሬም ይዤ ቡሬ የሄድኩ ለታ

ጎበዝ፣ የዛሬውን ጉድ ስክሪንሾት ሆኖ ከሌላ ሰው ፔጅ ሳይደርሳችሁ ከኔው ስሙት።

አያቴ አርበኛ አልነበረም።

ቆይ፣ ገና ነው። ከዚህም ይብሳል!

ለአዲስ ፎሎወሮች፦ እኔ ፍኖተ ሰላም የምኖር፣ እንጀራዬ ፋርማሲ፣ ሱሴ ግን ፖስት ማድረግ የሆነ ሴትዮ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ገና በመጣ ቁጥር አንድ ታሪክ እየለጠፍኩ አስለቅሻችኋለሁ። በጣሊያን ጊዜ፣ ቡሬ ሜዳ ላይ፣ በገና ዕለት፣ አያቴ ሩሯን ለግቶ የጣሊያኑን ሹም አናቱን አለው፤ ወታደሮቹም በሰደፍ ግንባሩን ፈነከቱት፤ እሱ ግን አምልጦ ዱር ገባ።

ሩር ማለት፣ ለማታውቁት ለአዲስ አበባ ልጆች፣ ከእንጨት ተጠርባ የምትሠራ የገና ጨዋታ ኳስ ናት። ኳስ ስላችሁ እንዳትንቋት፤ ጥርስ ታወልቃለች።

የአያቴን ጠባሳ እኔ ራሴ በልጅነቴ በጣቴ ዳስሼዋለሁ። ከቅንድቡ በላይ ነው፤ ክብ፣ ጎድጎድ ያለ። (ክብ! የሰደፍ ጠባሳ እንዴት ክብ ይሆናል ብላችሁ አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።)

ታዲያ በቀደም ቡሬ ውስጥ የገና ሙዚየም መኖሩን ሰማሁ። ሙዚየም ሲባል ትልቅ ነገር አታስቡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጋሼ ታከለ፣ ከግቢያቸው ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ለቀው፣ ከየገጠሩ እየለመኑ የሰበሰቡትን የገና ዕቃ ደርድረውባታል። እኔ ምን አደረግኩ? የአያቴን ፎቶ በትልቁ አሳጠብኩ፤ ወርቃማ ፍሬም አስገባሁት፤ ከሥሩም «የጣሊያንን ሹም በሩር የመታ ጀግና» ብዬ አስጻፍኩ።

ግድግዳቸው ላይ እንዲሰቅሉልኝ ነው። ለሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። ሰርፕራይዝ!

ሚኒባስ ውስጥ ፍሬሙን አቅፌ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ፎቶውን አይተው የትናንት ለቅሶ መሰላቸውና ነፍስ ይማር አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ቤቷ ታምራለች፤ እውነቱን ልናገር። እኔ እንደ ሆቴሎቹ ጥጥ የተለጠፈበት ጽድና የሚያብለጨልጭ መብራት ነበር የጠበቅኩት። ወለሉ ላይ ለገና እንደሚጎዘጎዘው ሣር ተጎዝጉዟል። ለማኅሌት የሚበራ ጧፍ፣ የድፎ ዳቦ ኮባ ሳይቀር አለ። ግድግዳው ሙሉ የገና ዱላ ነው፤ ከየዱላው ሥር የባለቤቱ ስምና አጥቢያው በእጅ ተጽፏል። አንዱ ብቻ፣ መሐል ላይ የተሰቀለው፣ ሥሩ ያለው ወረቀት ባዶ ነው። ከሱ በታች በርጩማ ላይ አንዲት ሩር ተቀምጣለች።

እኔ ደግሞ ባዶ ነገር ሳይ አላስችለኝም። ላይቭ ከፈትኩ።

«ፋሚሊ፣ ይሄ የአያቴ ዱላ ነው!»

ጋሼ ታከለ ስልኬን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እሷን ነገር ወዲያ ብታደርጊያትና አረፍ ብለን ብንጫወት አሉኝ፣ በጣም በትሕትና። ሽማግሌ ካሜራ ይፈራል ብዬ፣ ኧረ አይዞዎት ጋሼ፣ ሕዝብ ነው የሚያይዎት አልኳቸው።

ሁለተኛ ሞከሩ። አያትሽ ደግ ሰው ነበሩ፤ ያን ለታ ሜዳው ላይ መዋላቸውም እውነት ነው፤ የቀረውን ሻይ እየጠጣን አወጋሻለሁ አሉኝ። እኔ ግን «ሰማችሁ? ሜዳው ላይ ነበር!» ብዬ ካሜራውን ፍሬሙ ላይ ደገንኩት።

መነጽራቸውን አወጡ። ከፎቶው ሥር ያለውን አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ያችን ሩር የመቱት አባቴ ናቸው» አሉ።

የኔ ኔትወርክ ሁልጊዜ ይቆራረጣል አይደል? ዛሬ ፏ ብሎ ሠራ!

የሆነው እንዲህ ነው። የጣሊያኑ ሹም ከሕዝቡ ልወዳጅ ብሎ የገና ጨዋታውን ፈቀደ፤ ወንበሩን ሜዳው ዳር አስወጥቶም ተቀመጠ። ከጎኑ ቆሞ ጃንጥላ የያዘለት፣ የሚያስተረጉምለትም፣ አያቴ ነው። የጋሼ ታከለ አባት ሹሙን ዐልመው ሩሯን ለጓት። ሩሯ ሹሙን ሳተችና አያቴ ግንባር ላይ አረፈች።

ክብ ጠባሳ!

ሹሙ ሽጉጡን አውጥቶ ማነው የመታው አለ። በማን በኩል ይጠይቅ? በአስተርጓሚው። በዚያው ደሙ ዓይኑ ውስጥ በሚገባው ሰውዬ። አያቴና የጋሼ ታከለ አባት አብረው ያደጉ ናቸው፤ ማን እንደመታው በደንብ አይቷል። ለሹሙ ግን የአገሩን ደንብ ነገረው፦ በገና ሜዳ የተመታ አይከስም፣ የመታም አይጠየቅም፤ በዚያ ቀን ባላባት እንኳ በአሽከሩ ቢሰደብ ስቆ ነው የሚያልፈው። እኔም ማን እንደመታኝ አላየሁም ብሎ ጨመረበት። የጋሼ ታከለ አባት በሳምንቱ ዱር ገቡ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የአገር ሽማግሌ አያቴን አንተስ የት ነበርክ ብሎ ሲይዘው፣ የጋሼ ታከለ አባት ቀድመው ከኔ ጋር ሜዳ ላይ ነበር አሉና ነገሩን ዘጉት። የቀረውን እኔ በስልኬ ጨረስኩት።

ይሄ ሁሉ ሲነገር ላይቩ አልጠፋም። እናቴ ኮሜንት ላይ «አጥፊው ልጄ» ብላ ጽፋለች፤ ሁለት ጊዜ። እኔ ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ጋሼ ታከለን፣ ታዲያ ለምን እስከዛሬ ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደ ተበደለ ሰው!

«ሦስት ዓመት ሙሉ ወጣቱ እየመጣ የዚያች የፌስቡኳ ልጅ አያት ዱላ የቱ ነው ይለኛል» አሉ። «የአባቴ ነው ብዬ ብጽፍ የአያትሽ ነገር መነሣቱ ነው። አባቴ ደግሞ እንዳይነሣ አደራ ብለውኛል። ወረቀቷን ባዶ ተውኳት። ዛሬ ግን ፍሬም አድርገሽ ቤቴ ድረስ ይዘሽልኝ መጣሽ።»

ላይቩን ያን ጊዜ አጠፋሁት። ከልቤ አፈርኩ፤ አልቀልድም። ሰውዬው የአባታቸውን ስም ውጠው የኔን አያት ሲሸሽጉ፣ እኔ እላዩ ላይ ላይክ ስሰበስብ ነበር።

ፍሬሙን በነጠላዬ ሸፍኜ ላመልጥ ስል ጋሼ ታከለ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። መጻፍ የለመድሽው አንቺ ነሽ፣ በይ ጻፊ አሉኝ። ባዶው ወረቀት ላይ የአባታቸውን ስም እስከነአባት፣ አጥቢያቸውንም እየጠየቅኩ ጻፍኩ። የሐኪም ጽሑፍ መሰለ።

አያቴንስ? እሳቸውም ይሰቀሉ፣ ሩሯን ያቆሟት እሳቸው ናቸው አሉ ጋሼ ታከለ። ይሳቁ አይሳቁ ፊታቸው አያስታውቅም። ፋርማሲ ስለምሠራ ከቦርሳዬ ፕላስተር አይጠፋም። «ጀግና» የሚለውን ጽሑፍ በፕላስተር ሸፈንኩና ላዩ ላይ «የሹሙ አስተርጓሚ። ማን እንደመታኝ አላየሁም ያለ» ብዬ ጻፍኩበት።

እቤት ስገባ እናቴ ጋ ደወልኩ። ለካ ታውቅ ነበር! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ሰው ሁሉ እየወደደልሽ አንጀቴ እንዴት ይቻለው አለችኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

የባንዳ ዘር ብላችሁኛል። ኢንቦክሴ ሞልቷል። ግማሻችሁ አንፎሎው አድርጋችኋል፤ ግማሻችሁ ልትሳደቡ ብላችሁ አዲስ ፎሎው አድርጋችኋል። አንብቤዋለሁ፣ አንድም አልዘለልኩም። የደምበጫው ተሳዳቢ፣ አያቱ አርበኛ። የአዴቱ አርበኛ። የግሽ ዓባዩ እንዲያውም ሁለቱም አያቶቹ ዱር ነበሩ። እግዜር ይስጥልን፤ ከምሬ ነው።

ተሳድባችሁ ስትጨርሱ ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። ለጣሊያን መንገድ የመራው፣ በቅሎ የሳበው፣ እንቁላልና ዶሮ ያቀረበው፣ ጎረቤቱን የጠቆመው፣ ያ ሁሉ ሰው አንድም ልጅ ሳይወልድ ነው የሞተው?