ባለ ሁለት ዓይኑ ድሬሰር

መርካቶ ውስጥ በነፃ የሚሰጥ ነገርን ያህል ሰው የሚያስፈራ ነገር የለም። ዕቃው የሚሸጥ ቢሆን ይገላበጣል፣ ይሸተታል፣ ተጥሎ ይኬዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ይገዛል። በነፃ ሲባል ግን እጅ ሁሉ ይሰበሰባል። በነፃ? ምን ቢያገኝበት ነው? ነጋዴ በዚህ አይፈረድበትም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። እንግዲህ የፈንጣጣ ክትባት በነፃ ነበር። መንግሥት ትንሽ ዋጋ ቢቆርጥለት ኖሮ ሰዉ እየተጋፋ፣ ምናልባትም አማላጅ እየላከ ይከተብ ነበር ባይ ነኝ።

ይህን ሕዝብ የማሳመን ዕዳ በእኛ በተማሪዎቹ ላይ የጣሉት የጤና አጠባበቅ አስተማሪያችን ናቸው። ህንዳዊ ነበሩ፤ ስማቸው ለአፋችን ስለረዘመብን ሁላችንም ሚስተር እንላቸዋለን። አንድ ቀን ክፍሉን በቡድን በቡድን መደቡና፣ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሥዕልና ቁጥር አዋህዶ፣ ከጽሑፍ ጥቂት ብቻ ጨምሮ፣ የሰፈሩን ሰው የሚያሳምን ማስታወቂያ እንዲሠራ አዘዙ። ማርካችሁም በዚሁ ነው አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ ትምህርት ማለት አስተማሪን ማሳመን ብቻ ይመስለን ነበር።

የእኛ ቡድን ጌጡ፣ ሸምሱና እኔ ነን። ጌጡ ሠዓሊ ነው። ሸምሱ ጽሕፈቱ ያምራል፤ ከዚያም በላይ አባቱ ሐጂ ነስሩ በዋናው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ ስላላቸው ግድግዳ አለን ማለት ነው። እኔ ደግሞ አስተያየት እሰጣለሁ። በቡድን ሥራ አስተያየት የሚሰጥ ሰው መቼም አይጠፋም።

ክትባቱን የመረጠው ጌጡ ነው፤ ምክንያት ነበረው። እናቱ እትዬ ዘነበች በበርበሬ ተራ ቃላቸው የሚሰማ ሴት ናቸው። እሳቸው ሸማ ቢለውጡ ተራው ሸማ ይለውጣል። ትንሿ ልጃቸው አስካለ ገና አልተከተበችም፤ እትዬ ዘነበች ደህና ልጅ አይወጋም ብለው ነገሩን ዘግተውታል። በዚያው ሰሞን ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ አንድ ቤት ፈንጣጣ ገባ ተባለ። ጌጡ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ድሬሰሩ፣ ያ መርፌውን የሚወጋው የጤና ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ግቢ ይመጣል ተብሏል። ጌጡ ወረቀቱ እናቴን ካሳመነልኝ ይበቃኛል፣ ማርኩን እናንተ ውሰዱት አለን። እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል?

ወረቀቱ እንዲህ ነበር። ከላይ ሁለት ዓምዶች፤ ረጅሙ ሳይከተቡ የሞቱት፣ አጭሩ ተከትበው የሞቱት። ከታች ሥዕሉ፤ በአንድ በኩል ድሬሰር የአንድ ሰውዬ ክንድ ይዞ ይከትባል፣ በሌላ በኩል እምቢ ያለው ሰውዬ ፈንጣጣ ወርሶት ተቀምጧል። ድሬሰሩና የሚከተበው እርስ በርስ ስለሚተያዩ ጌጡ ከጎን ሣላቸው፤ የታመመውን ግን ቁስሉ እንዲታይ ፊት ለፊት አደረገው። ሲጨርስ አየሁትና አስተያየት ሳልሰጥ ቀረሁ። አብሮኝ ኳስ ከሚጫወት ልጅ እጅ እንዲህ ያለ ነገር መውጣቱ አስፈራኝ። የድሬሰሩ የጥፍር ጨረቃ ሳይቀር ይታያል። ሚስተር መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ መልሰው አድርገው አዩት፣ ከክፍሉ አንደኛ ነው አሉ።

ሐሙስ ጠዋት በሐጂ ነስሩ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፤ መርካቶም ቆመ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን አያምነኝም። ኩሊው ጆንያ እንደተሸከመ ቆመ። ከኋላው የመጣው ባለ አህያ ዞር በል ሊል አፉን ከፈተና ሥዕሉን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው የታመመውን ሰውዬ ጉልበት ሳሙ። ዕድሜዬን ሙሉ ጫጫታውን ብቻ የማውቀው መንገድ ለአንድ ወረቀት ዝም ሲል ሰውነቴን ወረረኝ። የሰው እጅ ይህን ያህል ይችላል ወይ አልኩ። አንድ የእህል በረንዳ ነጋዴ ብቻ ዓይናቸው ዓምዶቹ ላይ ቀረ፤ ረጅሙ የማን እንደሆነ ሸምሱን ጠየቁት። ያልተከተቡት ነው አላቸው። ያብዛላቸው ብለው ሄዱ። ለካ እህል በሚከመርበት አገር ከፍ ያለ ነገር ሁሉ በረከት ነው።

እትዬ ዘነበች ሲመጡ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ብዙ አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጌጡ እጄን ጨምቆ ይዟል፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ ድረስ።

«እኚህ ታጋሽ ጻድቅ ማን ናቸው?» አሉ የታመመውን እያሳዩ። «እነዚህ አንድ ዓይኖቹስ መርፌ ይዘው ምን ሊያደርጓቸው ነው የሚዶልቱት?»

ከዚያ ጌጡን ግንባሩን ሳሙት። «ተባረክ ልጄ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። አስካለን አላስወጋም።»

ምን ይባላል? ተክለ ሃይማኖትም ሆነ ሌላ ደብር ግቡና ግድግዳውን እዩ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል፤ ሰይጣኑና የሰይጣን ወዳጅ ግን ከጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ማንበብ የማይችለው ሁሉ ይህን ያነባል። እኛ ማንበብ የምንችለው ነን የረሳነው፤ ጌጡ ከፈረንጅ የሥዕል መጽሐፍ ሲለማመድ ከርሞ፣ እኔም አስተያየት ሳልሰጥ ቀርቼ። ለሸምሱ ግን ነገሩ አዲስ ነበርና፣ ታዲያ ሳንቲሙ ላይ ያለው የንጉሡ መልክ ከጎን አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐጂ ነስሩ ግራና ቀኝ አዩና ገና በጠዋቱ ሱቃቸውን ለምሳ ዘጉ።

ጌጡ ዓርብን ሙሉ ሲሥል ዋለ። ድሬሰሩንም ተከታቢውንም ወደ ተመልካቹ አዞራቸው፤ ዓይናቸውን ፍንጃል ፍንጃል አሳከለው። በሽተኛውን አንድ ዓይና ለማድረግ ግን አንጀቱ አልጨከነለትም፤ መታመም ኃጢአት ነው እንዴ አለ። ስለዚህ ሰውዬውን ትቶ ራሱን ፈንጣጣን ሣለው፤ ከጎን፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሸሽ። ረጅሙንም ዓምድ ተከትበው ለዳኑት ሰጠነው። ሚስተር ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ፤ ይህ ድሬሰር ሳያይ የት ሊወጋ ነው ብለው ማርካችንን ቀነሱት። ጌጡ አልሰማቸውም፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ግድግዳው እየሮጠ ነበር።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ሞላ። በርበሬ ተራ እንዳለ ተነሥቶ መጥቷል፤ አየሩ ያስነጥሳል። ከፊት እትዬ ዘነበች፣ አስካለን በእጃቸው ይዘው። ጌጡን ሳየው ያለቅሳል፤ እኔም ልክ እንደሱ ሆኛለሁ። አንድ ወረቀት ይህን ሁሉ ሰው ከገበያው ነቅሎ አመጣው። ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

ድሬሰሩ ዓይን አፋር ወጣት ነበር። የአስካለን እጅጌ ሰበሰበና፣ ሊወጋ መርፌውን አንሥቶ ክንዷን ለማየት አንገቱን ወደ ጎን ዘወር አደረገ። የፈሩት ይደርሳል። እትዬ ዘነበች ልጃቸውን መንጭቀው ወደ ጉያቸው ከተቱ። ከኋላቸው ያለው ተራ ሁሉ ነጠላውን ሰብስቦ ለመሄድ ተነሣ። ጌጡ እማዬ፣ እባክሽ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸው ቀና ብለው ድሬሰሩን ገመገሙት፤ ሥዕሉ ላይ ያለው እንዲህ አያይም አሉት። ድሬሰሩም ክንዷን ሳላይ እንዴት እወጋለሁ እናቴ አላቸው።

እትዬ ዘነበች አስካለን ከጉያቸው አውጥተው ክንዷን አቀበሉት።

«ክንዷን እኔ አይልሃለሁ፤ አንተ ወደኔ እይ» አሉት።

እንዳሉት አደረገ፤ ከዚያም ተራውን በሙሉ እንደዚያው፣ እያንዳንዱን ሰው ዓይን ለዓይን እያየ ከተበው። ፈንጣጣ ከእነዚያ ሰዎች አንዱንም አልነካም፣ አስካለም ለወግ ለማዕረግ በቃች። ክንዳቸውን ያያችሁ እንደሆነ ጠባሳው ክርን ላይ አለ፣ አንጓ ላይ አለ፣ ብብት ሥር የገባም አለ፤ ትከሻ ላይ ያረፈ ብቻ የለም።