ትራውት ለማንሳት የተሰጠ ፈቃድ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚገኘው ጽሕፈት ቤት ግን እስከዚያ ድረስ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ገና በቁሙ በኮሚቴዎቹ ብዛት ስሙን አስጠርቷል። ጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመው ትራውት የሚባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ነፍሳት እያታለሉ የማጥመድን ጥበብ ለሕዝብ ለማስተማር ነው። ሕዝቡ ይህን ጥበብ መቼ እንደጠየቀ ከፋይል ባይገኝም፣ ፍላጎቱ መኖሩ ግን በጥናት ተረጋግጧል።

ከእንጦጦ የሚወርድ ቀጭን ጅረት በግቢው ጀርባ ስለሚያልፍ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ተበጀለት። ከባሌም ስልሳ ትራውት በበርሜል ተጭኖ መጣ፤ አርባ ሁለቱ በሕይወት፣ የቀሩት በሪፖርት ደረሱ።

በዚህ ሁሉ ባለሙያ መካከል ዓሣ ይዞ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም ሲና ናት። ሲና ለመመረቂያ ጥናቷ ባሌ፣ ዲንሾ አራት ወር በተቀመጠችበት ጊዜ ኦቦ ቶለሳ ከሚባሉ ሽማግሌ ነው የተማረችው። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚለቅመው ከውኃው በታች ነው። ገና ክንፍ ያላወጡ ጥቃቅን ነፍሳት ከድንጋይ ሥር ተላቀው ሲወርዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ኒምፍ የሚሏቸው እነዚህን ነው። አጥማጁ በክርና በላባ መንጠቆ ላይ አምሳያቸውን ያስራል፤ ፊቱን ወደ ጅረቱ ምንጭ አዙሮ ይጥለዋል፤ ከዚያ እንደ እውነተኛው ነፍሳት ከውኃው ጋር እንዲወርድ ይተወዋል። ዓሣው አፉ ውስጥ ሲያስገባው ክሩ ትንሽ ያመነታል። የማጥመጃ ዘንጉን ማንሳት ያኔ ነው። ሁለት ሰከንድ ካለፈ ዓሣው መታለሉን አውቆ ይተፋዋል። ኦቦ ቶለሳ ይህን ለማስተማር ብዙም አይናገሩም ነበር፤ ክሩ ሲያመነታ ክርኗን በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፣ በቃ።

ሲና የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። ውሏ የሚያበቃው ሰኔ ሠላሳ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ግዛቸው ቢሯቸው አስጠርተው፣ ክቡር እንግዳ በሚገኙበት የተግባር ማሳያ ላይ አንድ ዓሣ ከያዘች ቋሚ እንደምትሆን፣ ካልያዘች ግን ተቋሙ በቀጣይ ሕይወቷ መልካሙን ሁሉ እንደሚመኝላት በአባትነት መንፈስ ነገሯት። እናቷ ይህን ሲሰሙ ጉዳዩን ለቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን አስመዘገቡት። ሃያ ስድስት ሴቶች በየረቡዑ መልኩን እንኳ ስለማያውቁት ዓሣ ይጸልዩ ጀመር።

ማሳያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የተመራጭ ስልቶች መለያ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሲና ያዘጋጀችውን ረቂቅ መመሪያ አነበበች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሳይሰሙት ደገፉት። ከዚያ አቶ ግዛቸው ናሙናውን ኒምፍ አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ቡናማ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይኼ ነው?»

«አዎ።»

«ክቡር እንግዳው ከድንኳኑ ሆነው ያዩታል?»

«ዓሣው ካየው ይበቃል ብዬ ነው» አለች ሲና።

አቶ ግዛቸው ሳይቆጡ ፈገግ አሉ። «ዓሣውን ማን ጋበዘው፣ ልጄ? የተጋበዙት ክቡር እንግዳው ናቸው።»

ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ የጥለት ክር ተገዝቶ፣ ቀይና ወርቃማ፣ አውራ ጣት የሚያህል ኒምፍ እንዲታሰር ተወሰነ። እንዲህ ያለ ነፍሳት በዓለም ላይ የለም፤ መኖር ግን ነበረበት።

ቀጥሎ የዕቅድ ቡድን መሪዋ ወይዘሮ ደሳለች እጃቸውን አወጡ። እሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ በቃል የተነገራቸውን ሠርተው አያውቁም። ረቂቁ አጥማጁ ፊቱን «ከጅረቱ በተቃራኒ» እንዲያዞር እንደሚል ጠቅሰው፣ ጽሕፈት ቤቱ ከጅረቱ ጋር ምን ቅራኔ እንዳለው ጠየቁ። ምንም እንደሌለው ተረጋገጠና ቃሉ «ከጅረቱ ጋር በመናበብ» በሚል ተተካ። ሲና ትራውት ሁልጊዜ ወደ ምንጩ ዞሮ ስለሚቆም ከኋላው ካልመጡበት እንደሚሸሽ ለማስረዳት አፏን ከፍታ ነበር፤ ኮሚቴው ግን ወደ ዋናው ጉዳይ አልፏል።

«ዘንጉን የሚያነሳው ማነው?» አሉ ወይዘሮ ደሳለች።

«ያጠመደው ሰው» አለች ሲና።

«በማን ውሳኔ?»

ይህ ጥያቄ ዲንሾ ላይ ተነስቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ደሳለች ማንሳት ራሱ ውሳኔ እንደሆነ፣ ውሳኔ ደግሞ ባለቤት እንዳለው አብራሩ። ስለዚህ አጥማጁ ክሩ ማመንታቱን ለአስተባባሪው ይገልጻል፤ አስተባባሪው ለቡድን መሪዋ ያሳውቃል፤ ቡድን መሪዋ ለኃላፊው ታቀርባለች፤ ኃላፊው «ይነሳ» ሲሉ ይነሳል።

«ያለን ሁለት ሰከንድ ነው» አለች ሲና።

«ሁለት ሰከንድ?» አሉ አቶ ግዛቸው። «ዓሣው ምን አስቸኮለው?»

ቃለ ጉባኤው ላይ በዓሣው በኩል የሚታየው የመቸኮል አዝማሚያ በሂደት እንደሚቀረፍ ታምኖበታል ተብሎ ሰፈረ፤ መመሪያውም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከማሳያው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲና ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ክር ስታስር አማን መጣ። አማን አስተባባሪ ተብሎ የተመደበው የሥራ ባልደረባዋ ነው። አውራ ጣት የሚያህለው ጥለታሙ ኒምፍ ክሩ ላይ በክብር ታስሯል፤ ከሥሩ ደግሞ ሲና አንድ ስንዝር ቀጭን ክር ቀጥላ ያችን የሩዝ ፍሬ የምታህለውን ቡናማ ኒምፍ አንጠልጥላለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድነች?»

«ሠራተኛዋ ናት» አለች ሲና ቀና ሳትል። «ኃላፊው ይታያል፤ እሷ ትይዛለች።»

«ሰው እንዳይሰማሽ» አለ አማን፤ ሳቁን አፍኖ በሩን ዘጋላት።

ማሳያው በሦስት ሰዓት ተጀመረ። አቶ ግዛቸው ስለ ትራውት አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ በንግግራቸው ውስጥ ትራውት ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። ከዚያ ሲና ቦዩ ዳር ተንበርክካ፣ ከጅረቱ ጋር የምትናበብ መስላ፣ ፊቷን ቀስ ብላ ወደ ምንጩ አዞረችና ጣለች። ጥለታሙ ኒምፍ ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። ክቡር እንግዳው ከድንኳኑ ሆነው አዩት፤ ዓላማው ግማሽ በግማሽ ተሳካ።

ክሩ አመነታ።

«አማን፣ ያመነታ መሰለኝ» አለች ሲና በመመሪያው መሠረት።

አማን ወደ ድንኳኑ ሮጦ ለወይዘሮ ደሳለች ነገረ። ወይዘሮ ደሳለች መሰለኝ የሚባል ነገር ለበላይ እንደማይቀርብ፣ አመነታ ወይም አላመነታም ተብሎ በእርግጠኝነት እንዲገለጽ መለሱ። አማን ሲመለስ ዓሣው ሄዷል። ሁለተኛው ዓሣ እስከ ቡድን መሪዋ ድረስ ታገሠ። የክቡር እንግዳው ሾፌር የመኪናውን ሞተር አስነሳ፤ ፕሮግራሙ እያለቀ ነው። ሲና ጉልበቷ ረጥቧል፤ ሰኔ ሠላሳ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ያኔ በቦዩ ሦስተኛው ድንጋይ አጠገብ ክሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲና እንድታነሳ ማንም አላላትም። ክርኗ በራሱ ተነሳ።

ሆዱ ብርማ፣ ጀርባው ነጠብጣብ ያለበት ትራውት አየር ላይ ተወራጨ። አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ ያለ ፈቃድ ለተነሳ ዓሣ ይጨብጨብ አይጨብጨብ መመሪያው ዝም ብሏልና።

ክቡር እንግዳው ከወንበራቸው ተነሱ። «ግሩም ነው» አሉ። «ማን ነው አንሺ ያላት?»

ሲና ወደ መሬት አየች። በልቧ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ዕቃ ትሰበስብ ጀመር፤ ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ኩባያ፣ የክር ሳጥኑ።

«ፈቃዱ ትናንት ነው የተሰጠው፣ ክቡርነትዎ» አሉ አቶ ግዛቸው።

ወይዘሮ ደሳለች ወደ ቢሮ ገቡ። ለእንግዳው የቀረበው ቁርስ ሳያልቅ፣ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። በትናንትናው ቀን የተጻፈ ነው። በነገው ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ፣ ሦስተኛው ድንጋይ አጠገብ፣ አንድ ትራውት በሲና አማካይነት እንዲነሳ መፈቀዱን ይገልጻል።

ክቡር እንግዳው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሰዓታቸውን አዩ። ዓሣውን አዩ። ከዚያም በተሰበረ ድምፅ፣ በሥራ ዘመናቸው ብዙ ዕቅድ እንዳዩ፣ በደቂቃ ልክ የተፈጸመ ግን ሲያዩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገሩ። በወሩ አቶ ግዛቸው ወደ ትልቅ ቦታ ተዛወሩ። ጥለታሙ ኒምፍ በመስተዋት ሳጥን ተደርጎ መግቢያው ላይ ተሰቀለ። ቡናማዋን ማንም አልጠየቀም።

ሲናም ቋሚ ሆነች። የጸሎት ቡድኑ ምስጋና አቀረበ፤ እናቷ አለቀሱ። የተመደበችው በአዲሱ የዓሣ ማንሻ ፈቃድ ዝግጅት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ቦዩ የሚያሳይ ጥሩ ቢሮ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ በማግሥቱ ዓሣ የሚነሳበትን ሰዓትና ደቂቃ ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣ ታትማለች። ጠዋት ሠልጣኞቹ ቦዩ ዳር ይደረደራሉ፤ ደቂቃው ሲደርስ አሥሩም ዘንግ በአንድ ላይ ይነሳል። እስካሁን አብሮ የተነሳ ዓሣ የለም፤ የመነሳት አፈጻጸሙ ግን መቶ በመቶ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲና ሥራው የማይሆን ነገር እንደሆነ ታውቅ ነበር። ለአዲሱ ኃላፊ ልትነግርም ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄዳ ተመልሳለች። ከዚያ የመጀመሪያው የቋሚ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ፈቃዷ ደረሰ፤ ቀጥሎ የሕክምና ካርዷ መጣ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ የማሠልጠኑን ሥራ የተረከበው አማን ከቦዩ ዳር ቀና ብሎ በመስኮቱ አያት። ዘንጉ ጎንበስ ብሏል። በዚያ ቦይ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልታየ ትልቅ ዓሣ ነው።

«ሲና፣ ይዟል። ላንሳው?»

ሲና ፈቃዱን አየች። አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ይላል። ሰዓቷን አየች፤ አራት ከአምስት ነው። ክርኗ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰና መልሶ ተቀመጠ።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ ታገሥ» አለችው።

አማን ታገሠ። ዓሣው ግን ቋሚ ሠራተኛ አልነበረም።