ታች ማሳው ሲታረም በረንዳ ላይ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ዝናቡ ባባራ በማግስቱ። ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተጠርቶ ሦስት ተኩል ላይ ተጀመረ።
ቦታ፦ የታላቅ ወንድማችን በረንዳ፣ ጥላው ባለበት በኩል።
የተገኙ፦ ታላቅ ወንድማችን (ሰብሳቢ)፣ አክስታችን፣ ታናሻችን (በቅጽል ስሙ «ይደርሳል»)፣ ጸሐፊው።
ያልተገኘች፦ የጸሐፊው ባለቤት። ምክንያት፦ እያረመች ነው።
ከአምስቱ አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

1. በቆሎውን ማን ይረም?

ሰብሳቢው በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ አረሙ ወገብ መድረሱን፣ እስከ እሑድ ካልታረመም የዓመት ቀለባችን አብሮ እንደሚሄድ አስረዱ። አክስታችን «በመስመር ዝሩ ብዬ ለምኜ ነበር! ይኸው መኮትኮቻ ማስገቢያ እንኳ የለውም» አሉ። በብተና የተዘራው «ድካም ለመቀነስ» ተብሎ ባለፈው ስብሰባ በድምፅ ብልጫ ስለተወሰነ መሆኑ ከመዝገቡ ተነበበ። ሐሳቡን ያመነጨው ጸሐፊው መሆኑም ተነበበ። ጸሐፊው ያን ገጽ በጊዜ ባለመቅደዱ ተጸጽቷል።

ለማረም ማን ይውረድ ሲባል ሰብሳቢው ወገባቸውን፣ አክስታችን ዕድሜያቸውን፣ ይደርሳል ጫማውን፣ ጸሐፊው ይህን ቃለ ጉባኤ በምክንያትነት አቀረቡ። ከረዥም ውይይት በኋላ ለጉዳዩ ተገቢው ትኩረት እንዲሰጠው ተወሰነ።

2. ሌላ ዘዴ

ይደርሳል ፍየሎቹ ገብተው አረሙን ይብሉ አለ። አክስታችን «በቆሎውን እንዳይነኩ አንተ ትነግራቸዋለህ?» ብለው ጠየቁት። ተሳቀ። ጠባቂ እንዲመደብ ተወስኖ ፈቃደኛ ስለጠፋ፣ የጸሐፊው ባለቤት በሌለችበት በሙሉ ድምፅ ተመረጠች።

3. ልዩ ልዩ

ስድስት ሰዓት ላይ ተመራጯ ውሃ ልትጠጣ መጣች። መዳፏ ተልጧል። ሰብሳቢው ምርጫውን እንዲነግራት ጸሐፊውን አዘዙ፤ ጸሐፊው ገጹን መፈለግ ጀመረ። እሷ ግን «ግማሹን ጨርሻለሁ ጋሼ» አለች። ቀጥላም «ስትስቁ እኮ እታች ድረስ ይሰማል» አለች።

ጸሐፊው በጣም አፍሯል፤ ይኸው እንዲመዘገብለትም ጠይቋል።

ያለ ምንም ውይይት የሚከተለው ተወሰነ፦ የዛሬውም ያለፈውም ስብሰባ ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። አራቱም አሁኑኑ ወደ ማሳው ይውረዱ። እሷ በሰብሳቢው ወንበር ትቀመጥ፣ መዝገቡንም ትያዝ።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተዘጋ።

ተጨማሪ፣ በጸሐፊው ባለቤት እጅ የተጻፈ፦ ስድስት ሰዓት ተኩል። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ነቀለ። በቆሎ ነው።